ጎታች ፒክአፕ ስንገዛ የሞተሩ ጉልበት የመጨረሻው ጥያቄ ይሁን

በሰሜን አሜሪካ ከባድ ፒክአፕ ለመግዛት ወደ ሻጭ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ፈተና ይገጥመዋል። የመኪናው አካል አንድ፣ የሞተሩ ሊትር አንድ፣ ስሙም አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሁለት የናፍጣ ሞተር ምርጫ ይቀርብለታል፤ አንዱ መደበኛው፣ ሌላው ከፍተኛ ጉልበት ያለው። በመካከላቸው በሺዎች ዶላር የሚቆጠር የዋጋ ልዩነት አለ። መኪና ጭኖ ለማድረስ፣ የግንባታ መሣሪያ ለመጎተት፣ ወይም በራሱ ፒክአፕና ተሳቢ የጭነት ሥራ ለመጀመር ያሰበ ወገናችን «የትኛው ሞተር ይሻላል?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያገኘው መልስም በአብዛኛው «ከገዛህ አይቀር ትልቁን» የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ የተለየ ነው። ለጉተታ ሥራ ፒክአፕ ለሚገዛ ሰው የሞተሩ ዓይነት የመጀመሪያ ሳይሆን የመጨረሻ ጥያቄ ሊሆን ይገባል። ከእርሱ በፊት መልስ የሚሹ አራት ጉዳዮች አሉ፤ መኪናው በጀርባው የሚሸከመው ክብደት፣ በቁልቁለት የሚያቆመው ፍሬን፣ ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ካምቢዮ፣ እና የባለቤቱ መንጃ ፈቃድ። እነዚህ ሳይመለሱ ጉልበት መግዛት፣ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ መሆን ነው።

በቅድሚያ የሁለቱን ሞተሮች ልዩነት በቁጥር እንመልከት። ፎርድ ከ2023 ሞዴል ጀምሮ በሱፐር ዲዩቲ ፒክአፖቹ ላይ የሚያቀርበው 6.7 ሊትር የፓወር ስትሮክ ናፍጣ ሞተር በመደበኛ ዓይነቱ 475 የፈረስ ጉልበትና 1,424 ኒውተን ሜትር ቶርክ፣ ማለትም የመጠምዘዝ ኃይል፣ ይሰጣል። ከፍተኛው ዓይነት ደግሞ 500 የፈረስ ጉልበትና 1,627 ኒውተን ሜትር ቶርክ አለው። ልዩነቱ የመጣው በዋናነት ከተለወጠው ቱርቦና ከጭስ ማውጫው አካላት ነው። በመቶኛ ሲሰላ በፈረስ ጉልበት 5 በመቶ፣ በቶርክ 14 በመቶ ያህል ብልጫ አለ ማለት ነው።

የትኛው ቁጥር ነው ዳገት የሚያወጣው? ቶርክ ሞተሩ ዘንጉን በምን ያህል ኃይል እንደሚጠመዝዝ ይነግረናል። የፈረስ ጉልበት ደግሞ ያንን ሥራ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠራ ያሳያል። ቶርክን ካምቢዮ ያባዛዋል፤ ማርሹ ዝቅ ሲል ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፣ በጎማው ላይ የሚያርፈው ኃይልም ይጨምራል። የፈረስ ጉልበትን ግን የትኛውም ማርሽ ሊያባዛው አይችልም። ስለዚህ ረጅም ዳገት ላይ ፍጥነትን የሚወስነው በማስታወቂያ ጎልቶ የሚጻፈው ቶርክ ሳይሆን የፈረስ ጉልበቱ ነው። ባለ አሥር ማርሽ ካምቢዮ ባለው መኪና ላይ የቶርክ ብልጫ በዋናነት የሚሰጠው ነገር ማርሽ ቶሎ ቶሎ ሳይለወጥ በዝቅተኛ የሞተር ዙር ጸጥ ብሎ መጎተትን ነው። ይህ ምቾት ነው፤ ምቾት ደግሞ የሚናቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን በስሙ መጠራት አለበት።

በኮሎራዶ የሚኖሩ ወገኖቻችን በደንብ በሚያውቁት መንገድ እንመዝነው። በኢንተርስቴት 70 ከዲለን ከተማ እስከ አይዘንሃወር ዋሻ ያለው ዳገት 13 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ቁልቁለትነቱ እስከ 7 በመቶ ይደርሳል፤ የዋሻው ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ነው። ፒክአፑና ተሳቢው በድምሩ 26,000 ፓውንድ፣ ማለትም 118 ኩንታል ያህል ይመዝናሉ እንበል። በ7 በመቶ ዳገት ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለመውጣት የመሬትን ስበት ብቻ ለማሸነፍ 240 ያህል የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። የነፋሱን ግፊት፣ የጎማውን ሰበቃ፣ በካምቢዮና በዲፈረንሻል የሚባክነውን ስንጨምርበት ከሞተሩ የሚጠበቀው ወደ 370 ይጠጋል። ሁለቱም ሞተሮች ይህን ሸክም ትርፍ ኃይል ይዘው ይወጡታል።

አሽከርካሪው ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦ ቢሄድስ? በተመሳሳይ ግምታዊ ስሌት መደበኛው ሞተር በሰዓት 97፣ ከፍተኛው ደግሞ 102 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። ዳገቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7 በመቶ ነው ብለን ብናከብደው እንኳ፣ በ13 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚገኘው ብልጫ ከግማሽ ደቂቃ ያነሰ ነው። በሺዎች ዶላር የተገዛው ግማሽ ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ነው፤ ያውም በዚያ ፍጥነት ያን ያህል ጭነት ይዞ መውጣት ተገቢ ነው ከተባለ።

አሁን ወደ መጀመሪያው እውነተኛ ገደብ እንሂድ። በአሜሪካ በሚሸጡ አብዛኞቹ ፒክአፖች የሹፌሩ በር ክፈፍ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። በዚያ ላይ ተሳፋሪና ጭነት በድምሩ ከስንት ፓውንድ መብለጥ እንደሌለበት ተጽፏል። ይህ ቁጥር ለዚያች አንዲት መኪና የተሰላ እንጂ ከማስታወቂያ የተቀዳ አይደለም። ተሳቢ ሲጎተት ደግሞ ሸክሙ በሙሉ በራሱ ጎማዎች ላይ አያርፍም። ከኋላ ጋንቾ ላይ በሚታሰር ተሳቢ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው፣ በፒክአፑ ጭነት ሳጥን መሐል በሚታሰር ተሳቢ ደግሞ ከ15 እስከ 25 በመቶው በፒክአፑ ጀርባ ላይ ያርፋል።

ምሳሌ እንውሰድ። በበሩ ላይ 1,000 ኪሎ ግራም የተጻፈበት ባለ አራት በር የናፍጣ ፒክአፕ አለ። ከሳጥኑ መሐል የሚታሰረው ተሳቢ 6,800 ኪሎ ይመዝናል። ከዚህ 20 በመቶው፣ ማለትም 1,360 ኪሎ፣ በፒክአፑ ላይ ይጫናል። አሽከርካሪውን፣ ረዳቱን፣ የመሣሪያ ሳጥኑንና ማሰሪያውን ስንጨምር የተፈቀደውን በብዙ መቶ ኪሎ አልፈናል። ሞተሩ ግን ምንም አልተሰማውም፤ ተሳቢውን እንደ ቀላል ነገር ይጎትተዋል። የሚሰማው ባሌስትራው፣ የኋላው አክስልና ጎማው ነው። አደጋው ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ ብርቱ ሞተር ከመጠን በላይ መጫናችንን ይደብቅብናል።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ በብዙ ይከብዳል። የመኪናው አጠቃላይ ክብደት ጣሪያ በማይለወጥበት ጊዜ፣ የሞተሩ ክብደት የሚቀነሰው ከጭነቱ ድርሻ ነው። በአነስተኛው ከባድ ፒክአፕ ላይ ናፍጣ የመረጠ ሰው የበለጠ ጎታች፣ ግን ያነሰ ተሸካሚ መኪና ይዞ ሊወጣ ይችላል። ከፍተኛ ጉልበት ያለውን ዓይነት መምረጥ በአንዳንድ አሠራሮች ላይ የጉተታ ጣሪያውን ከፍ ያደርጋል፤ በበሩ ላይ የተጻፈውን የመሸከም አቅም ግን አያሳድገውም። ያንን የሚያሳድጉት የተሻለ አክስል፣ የተሻለ ባሌስትራና ከኋላ ጥንድ ጎማ ያለው መኪና መምረጥ ናቸው።

ሁለተኛው ገደብ ቁልቁለቱ ነው። ከአይዘንሃወር ዋሻ ወደ ዲለን ሲወረድ ከፍታው በ620 ሜትር ያህል ይቀንሳል። ያ 118 ኩንታል በዚህ ቁልቁለት ላይ የሚለቀው ጉልበት 200 ሊትር ያህል ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ይህ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር የአየር መግቢያውን የሚዘጋ ክዳን ተጠቅሞ ስለማይሠራ፣ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ በራሱ እምብዛም አይዝም። ለዚህ ነው ዘመናዊ የናፍጣ ፒክአፖች የጭስ ማውጫ ፍሬን የተገጠመላቸው፤ የቱርቦው ክንፎች ጠበው የጭሱን መውጫ ይዘጉና ሞተሩን ወደ መያዣነት ይለውጡታል። ይህ ፍሬን በመደበኛውም በከፍተኛውም ሞተር ላይ አለ። የተቀረው ሙቀት የሚወድቀው በጎማዎቹ ፍሬን ላይ ነው። ፍሬን ከልክ በላይ ሲግል መያዝ ያቆማል፤ ፔዳሉ ይረገጣል፣ መኪናው ግን አይታዘዝም።

ሚያዝያ 2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በዚሁ መንገድ ከተራራው ወደ ዴንቨር ሲወርድ የነበረ ከባድ የጭነት መኪና ፍሬኑ ጠፍቶበት በሌክዉድ አቅራቢያ ቆመው ከነበሩ ተሽከርካሪዎች ጋር ተጋጭቶ አራት ሰዎች ሞተዋል። ያ መኪና ፒክአፕ አልነበረም። ቁልቁለቱ ግን ለሁሉም አንድ ነው። በዚያ ቀን ለማንም የሚጠቅም ተጨማሪ የፈረስ ጉልበት አልነበረም፤ ጎድሎ የነበረው ማቆሚያ ነው። ስለዚህ ለከፍተኛው ሞተር የተዘጋጀ ገንዘብ ያለው ሰው፣ ያ ገንዘብ መጀመሪያ የተሳቢውን ፍሬን፣ የፍሬን መቆጣጠሪያውንና ጎማዎቹን ቢያዳርስ ለራሱም ለመንገደኛውም ይበጃል።

ሦስተኛው ገደብ ሕግ ነው። በአሜሪካ ለንግድ በሚሠራ ጉተታ፣ የፒክአፑና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት በድምሩ 26,001 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና ተሳቢው ለብቻው ከ10,000 ፓውንድ በላይ ከተመዘገበ፣ የ«ኤ» ደረጃ የንግድ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። ልብ በሉ፤ ሕጉ በቅድሚያ የሚመለከተው በፋብሪካው የተጻፈውን ጣሪያ ነው። ባዶ ተሳቢ ይዞ የሚሄድ ሰውም ሊጠየቅ ይችላል። ድምሩ ከ10,000 ፓውንድ በላይ ሆኖ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ለንግድ የሚጓዝ ደግሞ የፌዴራል የትራንስፖርት መለያ ቁጥር ማውጣት ይጠበቅበታል።

ይህን ከሞተሩ ጋር እናገናኘው። የፎርድ ኤፍ 450 ከከፍተኛው ሞተር ጋር እስከ 40,000 ፓውንድ ይጎትታል ተብሎ ይታወጃል። ያለ ንግድ መንጃ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ግን ከባድ ተሳቢ ይዞ ከነመኪናው ከ26,000 ፓውንድ ማለፍ አይችልም። ያንን ክብደት መደበኛው ሞተር በኮሎራዶ ዳገት ላይ እንኳ ምን እንዳደረገው ከላይ አይተናል። ሕጉ ለማይፈቅድለት ሸክም ሞተር የገዛ ሰው የማይጠቀምበትን ነገር በዕዳ ይዟል። በርካታ ወገኖቻችን በጭነት ሥራ ተሰማርተው ቤተሰብ ያስተዳድራሉ፤ የወር ክፍያው በጥቂት መቶ ዶላር ማነስና መብዛቱ ሥራው እንዲዘልቅ ወይም እንዲዘጋ ያደርጋል። በዚያ ገንዘብ የንግድ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ከየትኛውም ቱርቦ ይልቅ ገቢ ያስገኛል።

አራተኛው ጉዳይ ካምቢዮው ነው። እዚህ ላይ የሞተር ዓይነቶች ምርጫ እውነተኛ ትርጉም የነበረበትን አንድ አጋጣሚ መጥቀስ ተገቢ ነው። ራም ከ2019 እስከ 2024 ሞዴል ባሉት ከባድ ፒክአፖቹ ላይ የከሚንስን 6.7 ሊትር ሞተር በሁለት ዓይነት ያቀርብ ነበር። መደበኛው በ2019 ሞዴል 370 የፈረስ ጉልበትና 1,152 ኒውተን ሜትር ቶርክ ነበረው። በ3500 ሞዴል ብቻ ይገኝ የነበረው ከፍተኛው ዓይነት ደግሞ 400 የፈረስ ጉልበትና 1,356 ኒውተን ሜትር ቶርክ ነበረው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ነው፤ ከፍተኛው ሞተር ይመጣ የነበረው አይሲን ከተባለው የጃፓን ኩባንያ በተሠራ፣ ለከባድ ሸክም በታሰበ የተለየ ካምቢዮ ነው። ያገለገለ ራም የሚፈልግና ከባድ ጭነት ዘወትር የሚጎትት ሰው ከፍተኛውን ዓይነት ቢመርጥ የሚያስመሰግነው ለ30 የፈረስ ጉልበት ሳይሆን ለካምቢዮው ሲል ከሆነ ነው። ኩባንያው በ2025 ሞዴል ሁለቱን ዓይነቶች አስቀርቶ፣ 430 የፈረስ ጉልበት ያለውን አንድ ሞተር ከአዲስ ባለ ስምንት ማርሽ ካምቢዮ ጋር ማቅረብ ጀምሯል። ምርጫው ራሱ ጠፋ፤ ጉተታው ግን ቀጥሏል።

ከዚህ አቋም ተቃራኒ የሚነሱ መከራከሪያዎች ክብደት አላቸው። አንደኛው «ትርፍ ጉልበት ራሱ ደኅንነት ነው» የሚል ነው። ወደ ፈጣን መንገድ ሲገባ፣ ቀርፋፋ መኪና ሲታለፍ፣ በዳገት ላይ ከኋላ የሚመጣውን ላለማገድ እውነት ነው። ሁለተኛው «ሞተሩ ካቅሙ በታች ሲሠራ ዕድሜው ይረዝማል» የሚል ነው። ይህም በመርህ ደረጃ ልክ ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ ዓይነቶች በመሠረቱ አንድ ሞተር ናቸው። ከፍተኛው ያንኑ ብረት የበለጠ ግፊት እንዲሸከም የተፈቀደለት ነው። ዕድሜን የሚያረዝመው አለመቸኮል፣ ዘይትና ማጣሪያ በጊዜው መለወጥ፣ ራዲያተርን መንከባከብ ነው። ከፍተኛው ሞተር የሚገባው ሰው ግን አለ፤ የንግድ መንጃ ፈቃድ ያለው፣ ባለ ጥንድ ጎማ መኪና የያዘ፣ በተራራማ መንገድ ከባድ ሸክም በየሳምንቱ የሚያመላልስና ከዚያ ሥራ የሚበላ ሰው። ለእርሱ ማርሽ ሳይለዋወጥ ቀኑን ሙሉ መጎተት ድካምን ይቀንሳል፤ ገንዘቡም ይመለሳል።

በተቃራኒው በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ብቻ የሚጎትት፣ የቀረውን ጊዜ በከተማ አጭር መንገድ የሚነዳ ሰው ከሁለቱም የናፍጣ ሞተሮች ይልቅ ቤንዚን ሊስማማው ይችላል። ዘመናዊ የናፍጣ መኪና ጥቀርሻን የሚያጠራቅም ማጣሪያና ናይትሮጅን ኦክሳይድን የሚቀንስ፣ ዩሪያ ያለበት ፈሳሽ የሚጠቀም ሥርዓት አለው። ማጣሪያው ያጠራቀመውን አቃጥሎ ራሱን የሚያጸዳው ጭሱ በደንብ ሲግል ነው። ሸክም የማያውቅ፣ ሳይሞቅ የሚጠፋ ሞተር ማጣሪያውን ይደፍነዋል፤ ጥገናውም ውድ ነው።

ለዚህ ችግር አንዳንድ ጋራዦች «ማጣሪያውን አውልቀን ኮምፒዩተሩን እናስተካክለው፤ ጉልበቱም ይጨምራል» ይላሉ። ይህ በአሜሪካ የአየር ንጽሕና ሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉ ለትልልቆቹም አልራራም፤ ከሚንስ ከ2013 እስከ 2019 ሞዴል ባሉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የራም ፒክአፕ ሞተሮች ላይ የጭስ መቆጣጠሪያን የሚያታልል ፕሮግራም ተጠቅሟል በሚል ለቀረበበት ክስ በ2023 መጨረሻ 1.675 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የጭስ ሥርዓቱ ሙሉ መሆኑን ሳያረጋግጥ ገንዘብ መክፈል የለበትም። የሻሲ ቁጥሩን ይዞ በመንግሥት የመንገድ ደኅንነት ድረ ገጽ ላይ ያልተጠናቀቀ የፋብሪካ ጥሪ መኖሩን ማየትም ነጻ ነው።

ይህ ሁሉ የአሜሪካ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ ገበያ የፎርድ ሬንጀርን የናፍጣ ሞተሮች ብንመለከት 170፣ 205 እና 240 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ዓይነቶች ቀርበዋል፤ የሚጎትቱት ጣሪያ ግን አንድ ነው፣ 3,500 ኪሎ ግራም። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በተራ የ«ቢ» መንጃ ፈቃድ ይህን ያህል ተሳቢ መጎተት አይቻልም፤ «ቢኢ» የሚባለው ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ወገኖች ዋናው ገደብ ሙቀቱ ነው። አምራቾች የጉተታ ጣሪያቸውን የሚለኩበት የአሜሪካ መሐንዲሶች ደረጃ፣ በአሪዞና የዴቪስ ግድብ ዳገት ላይ 18 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከ38 ዲግሪ ሴልሺየስ ባላነሰ ሙቀት፣ የመኪናው ማቀዝቀዣ እንደበራ የሚደረግ ፈተናን ይጨምራል። የባሕረ ሰላጤው በጋ ከዚህም ያልፋል። እዚያ የሚበጀው ሸክምን ከጣሪያው ዝቅ ማድረግና ሌሊት መጓዝ ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። በመጀመሪያ ተሳቢው ከነሙሉ ጭነቱ ስንት እንደሚመዝን ይታወቅ፤ በግምት ሳይሆን በመንገድ ዳር ሚዛን። ቀጥሎ ከዚያ ውስጥ በፒክአፑ ጀርባ ላይ የሚያርፈው ይሰላና በበሩ ላይ ከተጻፈው ጋር ይነጻጸር። ሦስተኛ፣ የአክስሉ፣ የጎማውና የጋንቾው ጣሪያ ይታይ። አራተኛ፣ መንጃ ፈቃዱና ኢንሹራንሱ ይህን ሥራ ይፈቅዱ እንደሆነ ይጣራ። አምስተኛ፣ በሁለቱም በኩል ያለው ፍሬን ይፈተሽ። እነዚህን ሁሉ ካለፈ በኋላ ገንዘብ የተረፈው ሰው ስለ ሞተሩ ዓይነት ይጠይቅ።

ሻጩ ይህን ቅደም ተከተል አይነግረንም፤ ሥራው መሸጥ ነውና። የሚያውቁ ወዳጆችም ብዙ ጊዜ የሚነግሩን ዳገቱን እንዴት እንደወጡት ነው። መኪናውን ለመግዛት የሚሄድ ሰው ግን ቁልቁለቱን እንዴት እንደሚወርደው አስቦ ይሂድ።